የቻርት መስመር ሲንሸራተት፣ ሲጠፋና አልያዝ ሲል

በባሕር ዳር ከፔዳና ከፖሊ ካምፓስ ተማሪዎች አንሥቶ የዘጌን ቡና እስከሚነግዱት ድረስ፣ ማታ ማታ የገበያ ዋጋን ውጣ ውረድ የሚያሳይ ቻርት ከፍቶ የሚከታተል ሰው አይጠፋም። ሁለት የዋጋ ነጥቦችን አገናኝተው ስለሚያሰምሩት መስመር፣ ስለ ትሬንድላይን፣ የሚያነሡት ቅሬታ ግን ተመሳሳይ ነው፦ «በጥንቃቄ ያሰመርኩት ትሬንድላይን ቦታውን ለቆ አገኘሁት።» እንዲህ ሲያጋጥም መስመሩን ሰርዞ እንደ አዲስ ከማስመር በፊት ፕሮግራሙ መስመርን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ይገባል። ፕሮግራሙ የሚያስቀምጠው ሁለቱን ጫፎች ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጫፍ አንድ ጊዜና አንድ ዋጋ ነው፤ በመካከላቸው ያለው መስመር ቻርቱ በተከፈተ ቁጥር እንደገና ይሰመራል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የተለወጠው ከሥሩ ያለው ካንድል (የአንድ የጊዜ ክፍልን መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ የሚያሳየው ዘንግ) ወይም ስኬሉ (የዋጋው መለኪያ) እንጂ መስመሩ አይደለም።

ይህን ለማረጋገጥ የመስመሩን መቼት ይክፈቱ። ትሬዲንግቪው በተባለው የቻርት ፕሮግራም መስመሩን ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ በሚከፈተው መስኮት «ኮኦርዲኔትስ» የሚለው ክፍል የጫፎቹን ዋጋ ያሳያል፤ ሜታትሬደር በተባለው ፕሮግራም ደግሞ ኮንትሮልና ቢን ተጭነው ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ መስመሩን ሲመርጡ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን ያገኛሉ። ዋጋዎቹን ጽፈው ያስቀምጡ። በማግስቱ ቁጥሮቹ ያው ከሆኑ መስመሩን የነካው የለም፤ ከተለወጡ ግን ቻርቱን ለማንሸራተት ሲሞከር ጫፉ ተጎትቷል ማለት ነው። በስልክ ላይ ይህ በቀላሉ ስለሚደርስ አስምረው እንደጨረሱ የቁልፍ ምልክቱን ተጭነው መቆለፍ ይበጃል።

ከሁሉም ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው የታይምፍሬም (አንድ ካንድል የሚሸፍነው ጊዜ) ለውጥ ነው። የቀን ካንድል የሚመዘገበው በተከፈተበት ሰዓት ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ የተነካው ከቀትር በኋላ ቢሆንም እንኳ በቀን ቻርት ላይ የተሰመረ መስመር ጫፉ የሚያርፈው በዕለቱ መክፈቻ ላይ ይሆናል። ወደ 1 ሰዓት ቻርት ሲወርዱ ታዲያ ያ ጫፍ ከዕለቱ የመጀመሪያ ካንድል በታች፣ ምንም ሳይነካ ተንሳፍፎ ይታያል። የመጀመሪያው ዝቅታ ጠዋት፣ ሁለተኛው ማታ ተመዝግቦ ከሆነ የመስመሩ ተዳፋት ራሱ ይዛባል። በሳምንት ቻርት ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ሰኞ ተከፍቶ ዓርብ ዝቅታውን ለነካ ሳምንት ልዩነቱ 4 ቀን ይሆናል። መፍትሔው በትልቁ ታይምፍሬም ካሰመሩ በኋላ ወደ 1 ሰዓት ቻርት ወርዶ ሁለቱን ጫፎች ዝቅታው በትክክል ወደ ተመዘገበበት ካንድል መጎተት ነው። በዚህ ጊዜ ማግኔት የሚባለው መሣሪያ ይብራ፤ ጫፉን ወደ ካንድሉ መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ ዋጋ ይስበዋልና። ከዚያ ውጭ ግን ጠንካራውን ማግኔት ሁልጊዜ አብርቶ መተው አልመክርም፤ በካንድሎች መካከል ማስመር ሲፈልጉ እጅዎን እየጎተተ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ምክንያት ሎጋሪዝም ስኬል ነው፤ በእርሱ ላይ እኩል ከፍታ የሚያሳየው እኩል የመቶኛ ለውጥን ነው። ዋጋው በመጀመሪያው ካንድል 100፣ በአሥረኛው 200 ላይ በሆነባቸው ሁለት ነጥቦች መካከል መስመር ቢያሰምሩና ወደ ቀኝ ቢያስረዝሙት፣ ያንኑ ያህል ካንድል አልፎ በመደበኛው ስኬል 300 ላይ ይደርሳል፤ በሎጋሪዝም ስኬል ግን 400 ላይ ይገኛል። ሁለቱ ጫፎች አልተነቃነቁም፤ ሆኖም በአንዱ ስኬል የሚያይ ሰው ዋጋው መስመሩን ሰብሮ ወረደ ሲል በሌላው የሚያይ ገና አልነካውም ሊል ይችላል። በትሬዲንግቪው ስኬሉ ሳይታወቅ በአንድ ጠቅታ ሊቀየር ስለሚችል፣ ከጓደኛ ጋር መስመር ሲያነጻጽሩ መጀመሪያ ስኬላችሁ አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

የዋጋው ምንጭም መታየት አለበት። ቻርቱ ወደ ጎን የሚሄደው በካንድል ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ብሮከሮች (ገዥና ሻጭን ከገበያው የሚያገናኙ ድርጅቶች) በእሑድ ቀን ትንሽ ካንድል ሲያስገቡ ሳምንቱ በ5 ፋንታ 6 ካንድል ይኖረዋል፣ መስመሩም በሌላ ተዳፋት ያልፋል። የአራቢካ ቡናን የኒውዮርክ ፊውቸርስ (ወደፊት ለሚደረግ ርክክብ ዛሬ ዋጋው የሚቆረጥ ውል) ለሚከታተል የዘጌ ነጋዴ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ኮንትራቶቹ የማርች፣ የሜይ፣ የጁላይ፣ የሴፕቴምበርና የዲሴምበር ናቸው፤ እነዚህን ውሎች አያይዞ የሚያሳየው ተከታታይ ቻርት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ዋጋው ሊዘል ይችላል። ያለፈውን ዋጋ ከአዲሱ ኮንትራት ጋር የሚያስተካክለው ማብሪያ ክፍት ከሆነ የድሮው ካንድል በሙሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስለሚሸጋገር፣ ከወራት በፊት ያሰመሩት ሰፖርት (ዋጋው ሲወርድ ይቆምበታል የሚባል መስመር) ከካንድሎቹ ተለይቶ ይቀራል። ለረዥም ጊዜ የሚቆይ መስመር ከሆነ ማስተካከያውን ዘግቶ ማስመር ይሻላል።

መስመሩ ጭራሽ ካልታየ አስቀድመው የዓይን ምልክቱን ይመልከቱ፤ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤች አንድ ላይ ሲጫኑ በትሬዲንግቪው መስመሮች በሙሉ ይደበቃሉ፣ ሳይታሰብም ይጫናል። ቀጥሎ «ቪዚቢሊቲ» በሚለው ክፍል መስመሩ ለዚያ ታይምፍሬም መፈቀዱን ያጣሩ። መስመር የሚታሰረው ከገበያው መለያ (ሲምቦል) ጋር ስለሆነ፣ የአንዱ ብሮከር ዩሮ ዶላር ላይ ያሰመሩት በሌላው ብሮከር ዩሮ ዶላር ላይ አይገኝም። በሜታትሬደር ባክስፔስ የመጨረሻውን መስመር ያጠፋል፤ ኮንትሮልና ዜድ ይመልሰዋል። የቻርቱን መስኮት ከዘጉት ደግሞ ፋይል ውስጥ የተሰረዙ ቻርቶችን መክፈቻ አለ። መብራት ወይም ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ምሽት አንዱን ሌይአውት (የተቀመጠ የቻርት ገጽ) በላፕቶፕና በስልክ አንድ ላይ ከፍቶ አለመሥራት ይመረጣል፤ ኋላ የተቀመጠው የፊተኛውን ሊተካው ይችላልና።

መስመሩ ማለቂያ የሌለው ሆኖ ወደ ቀኝ ከሄደ በሜታትሬደር በመስመሩ መቼት ውስጥ «ሬይ» የሚለውን ያጥፉ።

በቀጥታ ወደ ታች የሚሰመረው መስመር፣ ለምሳሌ የዜና ሰዓት ማመልከቻ፣ ያለ ቦታው ከዋለ ጥፋቱ የሰዓት ነው። ትሬዲንግቪው ላይ የሰዓት ክልሉን ከቻርቱ ግርጌ ወደ እኛው ዩቲሲ+3 (ከዓለም መደበኛ ሰዓት 3 ሰዓት ወደሚቀድመው) መቀየር ይቻላል፤ ያኔ 15፡30 የሚለው በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 9፡30 ነው። ሜታትሬደር ግን የብሮከሩን ሰርቨር ሰዓት ብቻ ያሳያል፣ መለወጫም የለውም። በዩቲሲ+2 ላይ የቆመና የኒውዮርክን የሰዓት ለውጥ የሚከተል ሰርቨር ከማርች እስከ ኖቬምበር ከእኛ ጋር እኩል ይሆናል፤ በቀሩት ወራት ግን በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በእነዚህ ወራት ከእኛ ሰዓት ላይ 1 ቀንሰው ያስምሩ።