የቴክኖሎጂ ጀማሪ ኩባንያ በኢትዮጵያ እንዴት ይመሠረታል፣ ገንዘቡስ ከየት ይገኛል?

የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለመመሥረት የሚያስቡ ብዙ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጨነቁት ባለሀብት ስለማግኘት ነው። መቅደም ያለበት ግን ደንበኛው የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ የምርቱን ተፈላጊነት እንደ ክፍያ የሚያረጋግጥ ነገር የለምና። ስለዚህ አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፉ፣ ችግሩ አለባቸው ብለው ያሰቧቸውን ሰዎች በሥራ ቦታቸው ሄደው ያነጋግሩ። «እንዲህ ያለ መተግበሪያ ቢኖር ትጠቀሙ ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሰው ላለማስቀየም ሲል «አዎ» ይላል። ይልቁንም፣ ለምሳሌ ያሰቡት የሱቅ ዱቤ መከታተያ ከሆነ፣ ባለሱቁን የዱቤ ደብተሩን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ ባለፈው ወር ስንት ብር ሳይመለስለት እንደቀረና ያንን ለማስመለስ ምን እንዳደረገ ይስሙ።

ቀጥሎ ችግሩን በትንሹ የሚፈታ አገልግሎት ያቅርቡ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው የታክሲ ጥሪ አገልግሎት ራይድ መጀመሪያ የሠራው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር፤ መተግበሪያውም ከመጣ በኋላ ስማርት ስልክ የሌለው ተሳፋሪ ደውሎ መኪና ማዘዝ ይችል ነበር። አገልግሎትዎ የደንበኞችን ገንዘብ የሚይዝ ወይም የሚያስተላልፍ ከሆነ ግን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልግዎታል።

ክፍያ መምጣት ሲጀምር ኩባንያውን ያስመዝግቡ። የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። መሥራቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ጓደኝነት ቢኖርም፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጸናበትን (ማለትም በሥራው ላይ በቆየ ቁጥር የራሱ እየሆነ የሚሄድበትን) እና ዓመት ሳይሞላው የሚወጣ ሰው ድርሻውን የሚመልስበትን ስምምነት በጽሑፍ ይፈራረሙ። ይህን ውል ዛሬ ለመፈረም ማፈር፣ ነገ ሥራውን ትቶ የሄደ ሰው የኩባንያውን እኩሌታ ይዞ እንዲቀር መፍቀድ ነው።

የቤተሰብ ገንዘብ ከተቀበሉ ብድር ይሁን ድርሻ በግልጽ ይጻፍ። ለባንክ ብድር አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት ቢፈቅድም፣ ቤት የሌለው ጀማሪ ብዙ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል።

ከባለሀብት የሚጠየቀው መጠን ከወጪ ስሌት ይነሣ። በወር 100,000 ብር የሚያወጣ ኩባንያ ለ18 ወር 1.8 ሚሊዮን ብር ያስፈልገዋል፤ ለመጠባበቂያ ሲጨመርበት 2 ሚሊዮን ይሆናል። ኩባንያው ገንዘቡ ሳይገባ በ8 ሚሊዮን ብር ከተገመተ፣ ጠቅላላው 10 ሚሊዮን ስለሚሆን ባለሀብቱ 20 በመቶ ይይዛል፤ እኩል የነበሩት ሁለት መሥራቾችም እያንዳንዳቸው ከ50 ወደ 40 በመቶ ይወርዳሉ። በሚቀጥለው ዙር ሌላ 20 በመቶ ቢሸጥ 32 በመቶ ይቀራቸዋል። ስለሆነም በመጀመሪያው ዙር ከሩብ በላይ የሚጠይቅን ባለሀብት፣ ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ እምቢ ማለትን እመክራለሁ።

ገንዘቡ ከውጭ አገር ዜጋ የሚመጣ ከሆነ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 በመደበኛነት ለብቻው 200,000፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በጋራ ሲሆን 150,000 የአሜሪካ ዶላር ዝቅተኛ ካፒታል ይጠይቃል። የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን ሊመርጥ ስለሚችል፣ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ዘመድ አነስተኛ ገንዘብ ይዞ በሕጋዊ መንገድ ባለድርሻ የሚሆንበት በር ክፍት ነው።