የዓለም ሙቀት መጨመር «ውሸት ነው» ከሚል ሰው ጋር እንዴት ይወራል?

የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንዱ ቪዲዮ ይለጥፋል። «የዓለም ሙቀት ጨመረ የሚባለው የፈረንጅ ተረት ነው» ይላል። ሁለት ሰው ላይክ ያደርጋል፣ አንዱ ይስቃል፣ የናንተ ደም ይፈላል። ቆይ፣ ገና አትጻፉ።

መጀመሪያ ሰውየው የቱን እንደሚክድ እወቁ። አንዱ «ዓለም አልሞቀችም» ይላል። ሌላው «ሞቃለች፣ ግን ሰው አላሞቃትም፣ ድሮም እንዲሁ ነበር» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም ይቀበላል፤ የሚያናድደው «እና አሁን ምን አድርጉ ነው የምትሉን?» የሚለው ነው። ሦስቱ ለየቅል ናቸው፣ ሰው ግን ሲከራከር ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ አንዱን ስትመልሱለት ሌላው ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በቀጥታ ጠይቁት። ትልቅ ሰው ከሆኑ «ጋሼ፣ እርስዎ አልሞቀም ነው የሚሉት፣ ወይስ ሞቋል ግን በኛ አይደለም?» በሉ። ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ግማሹ ጭቅጭቅ ግን እዚያው ይበርዳል።

«ዘንድሮ እንዲህ በርዶን የምን ሙቀት ነው?» ለሚለው ብዙ ጊዜ አታጥፉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2015 የኦክላሆማው ሴናተር ጄምስ ኢንሆፍ የበረዶ ኳስ በላስቲክ ይዘው የአሜሪካ ሴኔት ገቡ። ውጭው በጣም ቀዝቅዟል ብለው ወረወሩት። ዋሽንግተን እውነትም ያን ሰሞን በርዷት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን 2015 እስከዚያ ከተለኩት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ሆኖ ተመዘገበ። በቃ፣ ይሄን ንገሩና እለፉ። የአንድ ከተማ አንድ ሳምንት ሌላ፣ የመላው ዓለም የብዙ ዓመት አማካይ ሌላ።

ከበድ ያለው ጥርጣሬ በቴርሞሜትሮቹ ላይ ያለው ነው። «ጣቢያዎቹ ከተማ መሃል ናቸው፣ አስፋልቱ ነው የሚያሞቃቸው። ደግሞ ሳይንቲስቶቹ ቁጥሩን ያስተካክሉታል።» ይሄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እዚህ ላይ «97 ከመቶ ሳይንቲስቶች ተስማምተዋል» ብላችሁ አትወርውሩ፤ የሚጠራጠር ሰው የሚሰማው «ድምፅ ተሰጥቶ አለቀ» የሚል ነው። ይልቅ የሪቻርድ ሙለርን ታሪክ ንገሩት።

ሙለር የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ መምህር ነበር። በሙቀት መዝገቡ ላይ ተጠራጣሪ ነበር። በሌላ ሰው ልጥፍ ሥር እየገባ ከመሳደብ ይልቅ ግን ቡድን አቋቋመና ራሱ ይቆጥር ጀመር። ከገንዘቡ የተወሰነው የመጣው ከቻርልስ ኮክ ፋውንዴሽን ነው፤ ኮክ ማለት በነዳጅ የከበረ፣ የአየር ንብረት ሕጎችን ሲቃወም የኖረ ባለሀብት ነው። ቡድኑ ከ30 ሺህ በላይ ጣቢያዎችን መዝገብ ሰበሰበ። የከተማውን ሙቀት ለብቻ ፈተሸው። ጣቢያዎቹ ተመርጠው እንደሆነ፣ ቁጥር ተነካክቶ እንደሆነም አየ። አንቶኒ ዋትስ የሚባለው ታዋቂው ተጠራጣሪ ብሎገር ውጤቱ ሳይወጣ በፊት፣ እኔን ስህተተኛ ቢያደርገኝም የሚወጣውን እቀበላለሁ ብሎ ጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ወጣ። የከተማው ሙቀት የዓለሙን አማካይ የሚለውጥ ሆኖ አልተገኘም፤ የድሮዎቹ መዝገቦችም ልክ ነበሩ። በ2012 ሙለር ሐሳቡን መቀየሩን በጋዜጣ ጻፈ፦ በ250 ዓመት ውስጥ የብሱ በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሞቋል፣ ምክንያቱም ከሞላ ጎደል ሰው ነው። ዋትስስ? ውጤቱን አልቀበልም አለ። ይሄን ታሪክ ስታወሩ ሁለቱንም ሰዎች አንሱ፤ ከዚያ የናንተው ሰው ከሁለቱ የቱን እንደሚመስል ለራሱ ይፍረድ።

«ፀሐይ ናት» ለሚለው ደግሞ ጥሩ መልስ አለ። የፀሐይን ጉልበት ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ እየለካ ነው፤ የመጨመር አዝማሚያ አላሳየችም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከላይ ያለው የአየር ንብርብር፣ ስትራቶስፌር፣ እየቀዘቀዘ ነው። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ላይም ታችም አብሮ በሞቀ ነበር። ከከሰልና ከነዳጅ ጭስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንደ ጋቢ ነው፤ ጋቢ የደረበ ሰው ከውስጥ ይሞቀዋል፣ ከጋቢው ውጭ ያለው ግን አይሞቅም። ስለ እሳተ ገሞራ ከተነሳ፣ ሰው በዓመት የሚለቀው ካርቦን የእሳተ ገሞራዎቹን ብዙ አስር እጥፍ ነው፣ ጨርሱት።

«ፖለቲከኞች የፈጠሩት ነው» የሚል ካለ ዘመኑን ቁጠሩለት። ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1856 ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት የመስታወት ሲሊንደር ፀሐይ ላይ ስታስቀምጥ ከተራ አየር የበለጠ እንደሚሞቅ፣ ለመብረድም እንደሚዘገይ አሳየች። ስዊድናዊው ሳይንቲስት አሬኒየስ በ1896 ይህ ጋዝ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ ሒሳቡን ሠራ። ያኔ አፄ ምኒልክ አድዋ ላይ ነበሩ፤ የካርቦን ግብር የሚባል ነገር በማንም ሐሳብ አልነበረም።

አሁን ወደኛው ልምጣ። የኛ ሰው ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ የቴርሞሜትር አይደለም። «ፈረንጅ በከሰልና በነዳጅ ከበለጸገ በኋላ እኛን አትንኩ ይለናል» ነው። እዚህ ላይ ሰውየው ልክ ነው! ልክ ነህ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት መለስ ዜናዊ ነበሩ፤ ሀብታሞቹ አገሮች ለድሃዎቹ የሚሰጡትን በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን አሉ፣ ቁጥሩን ያሟሉት ግን በ2022 ነው። ቅሬታው እውነተኛ ነው። ግን አንድ ነገር አስቡት፤ ሙቀቱ ውሸት ከሆነ የምንጠይቀው ካሣ የለንም። «ተበድለናል» እና «ምንም አልሆነም» አብረው አይሄዱም። በኔ ልምድ ይሄ መልስ ከሁሉም ግራፍ ይበልጣል።

«ዝናብ የእግዜር ነው» ከተባለ አትከራከሩ፤ ዝናቡን ማን ይሰጣል እና ጭሱን ማን ለቀቀ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በዚህ ማስረጃ ክምር እምነቱን እንዲተው ከጠየቃችሁት ሰውየውንም ክርክሩንም ታጣላችሁ።

ከሜዳ የሚታይ ነገር ከፈለጋችሁ ቢሾፍቱ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2005 በዚያ አካባቢ የወባ መዝገብ የተመለከቱ ተመራማሪዎች፣ ሞቅ ባሉት ዓመታት ወባው ወደ ደጋው ከፍ ብሎ እንደሚወጣ አገኙ። ቆላና ደጋ የሚያውቅ ሰው ይሄን ወዲያው ይገባዋል፣ ማስረዳትም አያስፈልግም።

ግን ሁሉንም ነገር ለሙቀቱ አታሸክሙት፣ በተለይ ሐረማያን። «ሐይቁ የደረቀው በአየር ንብረት ነው» ካላችሁ የአካባቢው ሰው አንገቱን ይነቀንቅባችኋል። ውሃው ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ተስቧል፣ ለከተሞች ተቀድቷል፣ ደለል ሞልቶታል። በቅርቡ ደግሞ ውሃ ተመልሶበታል። አንድ የተጋነነ ምሳሌ ከያዛችሁ አሥሩን እውነተኛ ያበላሽባችኋል፤ የ77ቱ ረሃብም ድርቅ ብቻ አልነበረም፣ ጦርነትና መንግሥት ነበሩበት።

አንዳንዱ ጭራሽ አይሰማም። ለሱ «ምን ብታይ ሐሳብህን ትቀይራለህ?» በሉት። «ምንም» ካለ ጨርሳችኋል፣ ውይይቱን ወደ ሠርጉ ዝግጅት መልሱት። ተመልሶ ሊጠይቃችሁም ይችላልና ለራሳችሁ መልስ ይኑራችሁ። የኔ መልስ ይህ ነው፦ ከተጨማሪው ሙቀት ከ90 ከመቶ በላዩን የሚውጠው ውቅያኖስ ነው። ካርቦን እየጨመረ ሳለ ውቅያኖሱ ለሃያ ዓመት ቢቀዘቅዝ እኔም እጠራጠራለሁ። እስካሁን እየሞቀ ነው። ደግሞ በግሩፕ ፊት አታሸንፉት፣ በግል ጻፉለት፤ ሰው ዘመድ እያየው ሐሳቡን አይቀይርም።