ከሊንክድ ሊስቱ የጠፉት የቡና መዝገቦች
ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መረከቢያ የሚቀበላቸውን ጆንያዎች በየተራቸው የሚመዘግብ ፕሮግራም በፓይተን ስጽፍ፣ ለመለማመጃ ብዬ ሊንክድ ሊስቱን (እያንዳንዱ መዝገብ «ኖድ» በሚባል ቋት ተቀምጦ፣ ኖዱ ቀጣዩን ኖድ «ኔክስት» በሚባል ጠቋሚ የሚያመለክትበትን ዝርዝር) ከባዶ ሠራሁት። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ዝግመቱ ነበር፤ መጨረሻ ላይ በጨመርሁ ቁጥር ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ኖድ ከሚያመለክተው ከ«ሄድ» ተነሥቶ እያንዳንዱን ኖድ ስለሚያልፍ፣ 10,000 መዝገብ ማስገባት ወደ 50 ሚሊዮን እርምጃ ይፈጅ ነበር። የመጨረሻውን ኖድ የሚያመለክት «ቴይል» ሳክልበት፣ ዝርዝሩ ምንም ቢረዝም ጭማሪው በቋሚ ጊዜ የሚያልቅ ሆነ።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በስሕተት የተመዘነው የመጨረሻ ጆንያ ከተሰረዘ በኋላ የሚገቡ መዝገቦች ሁሉ፣ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት፣ ይጠፉ ጀመር። ኖዶቹን በወረቀት ስዬ ስከታተል፣ «ቴይል» የተሰረዘውን ኖድ እንደያዘ መቅረቱን፣ አዲሶቹም ከዝርዝሩ ውጭ በቀረው በዚያው ኖድ ላይ እየተቀጠሉ መሆናቸውን አየሁ። መፍትሔው በመሰረዣው ፈንክሽን ውስጥ «ቴይል»ን ወደ ቀዳሚው ኖድ መመለስና የዚያን ኖድ «ኔክስት» ባዶ ማድረግ ነበር፤ አንድ ኖድ ብቻ ሲኖር ደግሞ «ሄድ»ም አብሮ ባዶ መሆን አለበት (ይህችን ረስቼ ሌላ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ)። የመጨረሻውን መሰረዝ ግን አሁንም ከርዝመቱ ጋር የሚያድግ ጊዜ ይወስዳል፤ ኖዱ ወደ ኋላ ስለማያመለክት ቀዳሚውን ከ«ሄድ» ጀምሮ መፈለግ ግድ ነው። ስረዛው በቀን ሁለት ሦስቴ ብቻ ስለሚያጋጥም እንዳለ ተውሁት።