የአዲስ ፕሮሰሰር የዋጋ ወሬ ሲሰሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው ዋና ቺፕ) ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው የሚል ወሬ በየቴሌግራም ቻናሉ መዞር ይጀምራል። ጅማ ላይም ለኮምፒውተር ገንዘብ ያጠራቀመ የምህንድስና ተማሪ ወይም የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ይህንኑ ሰምቶ ግዢውን ያዘገያል። ወሬው እውነት ሆኖ እንኳ ገዢው ሊጎዳ እንደሚችል በራሴ ስላየሁት፣ ከሁሉም ውድ ከሆነው ስህተት እጀምራለሁ።

እርሱም ዶላሩን እየተከታተሉ ብሩን መርሳት ነው። የፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ ራይዘን 9000 የተባለውን ትውልድ በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ታይፔ ላይ ሲያስተዋውቅ ዋጋውን አልተናገረም፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ያህልም የግምት ወራት ሆኑ። እኔ ከዚሁ ትውልድ ራይዘን 7 9700ኤክስ ከቀዳሚው ይረክሳል የሚለውን አምኜ፣ ያንኑ ቀዳሚ፣ ሲወጣ 399 ዶላር የነበረውን 7700ኤክስን መግዛት ተውኩ። ወሬውም አልዋሸም፤ አዲሱ ነሐሴ 2 ቀን በ359 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ነገር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቅቆት ስለነበር፣ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 399ን በ57 ቢያባዙ 22,743 ብር ይመጣል፤ 359ን በ100 ቢያባዙ ደግሞ 35,900 ብር። በዶላር 40 የረከሰ ዕቃ በወረቀት ላይ ከ13,000 ብር በላይ ተወደደ ማለት ነው። እርግጥ ሱቆቹ ከዚያ በፊትም በትይዩ ገበያው ዋጋ ይመሩ ስለነበር፣ መደርደሪያው ላይ የታየው ልዩነት ከዚህ ያነሰ ነበር፤ የመርካቶአችን ነጋዴ ግን ዋጋ የሚተምነው ዕቃውን ባስገባበት ሒሳብ ሳይሆን ነገ መልሶ ለማስገባት በሚያስፈልገው ሒሳብ ስለሆነ፣ ቀድሞ የገባውም ዕቃ ቢሆን በአሮጌው ዋጋ አልጠበቀኝም። ቀረጡና ማጓጓዣው ገና አልተደመረም።

ሁለተኛው ስህተት የተወራው ቁጥር የትኛው ዋጋ እንደሆነ አለመጠየቅ ነው። ጅማ ውስጥ የጀንፈልን (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ዋጋ ከታጠበ ቡና ዋጋ ጋር አስተያይቶ ተወደደ ወይም ረከሰ የሚል የቡና ነጋዴ አይገኝም፤ በፕሮሰሰር ወሬ ላይ ግን ይህ በየቀኑ ይደረጋል። በአሜሪካ የሚነገረው ዋጋ የሽያጭ ታክስ አይጨምርም፤ በአውሮፓ ሱቆች የሚለጠፈው ግን ታክሱን የያዘ ነው። ለምሳሌ የፈረንሳይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 20 በመቶ ስለሆነ፣ አንድ ሱቅ 480 ዩሮ ብሎ የለጠፈው ዕቃ ታክሱ ሲነሣ 400 ዩሮ ብቻ ነው። ሌላው የፕሮሰሰር አምራች ኢንቴል ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዋጋውን ሲያወጣ የቆየው 1,000 ፍሬ ለሚወስድ ደንበኛ በሚሠራ ስሌት ነው። ከሁሉም የማይታመነው፣ ሱቆች ዕቃው ሳይገባ በድረ ገጻቸው ላይ የዋጋውን ቦታ ባዶ ላለመተው ብቻ የሚጽፉት ቁጥር ሲሆን፣ አብዛኛው «ሾልኮ የወጣ ዋጋ» የሚባለውም ከዚያ የተቀዳ ይመስለኛል።

ካለፈው ተነሥቶ አዲስ ሁሉ ይወደዳል ማለትም አያዋጣም። ራይዘን 5 3600ኤክስ በ249 ዶላር ወጥቶ ተከታዩ 5600ኤክስ 299 ሆነ፤ 7600ኤክስ በ299 ወጥቶ ተከታዩ 9600ኤክስ ወደ 279 ወረደ።

በይፋ የተነገረውንም ዋጋ ቢሆን ቋሚ አድርጎ መያዝ ስህተት ነው። ራይዘን 9 7950ኤክስ በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ699 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ፤ በኅዳር ዋጋው ወደ 574 ዶላር ተቆርጦ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የገዛ ሰው ለሁለት ወር ቀዳሚነት 125 ዶላር ከፈለ ማለት ነው፤ ሥራው ካላስገደደው በቀር ይህን የሚያደርግ ሰው አይገባኝም።

የመጨረሻው ስህተት ፕሮሰሰሩን ብቻውን መተመን ነው። ራይዘን 7000 ሲመጣ ኤኤም5 የተባለ አዲስ ሶኬት (በማዘርቦርዱ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት መግጠሚያ) ይዞ ስለመጣና የሚቀበለውም ዲዲአር5 የተባለውን የራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ዓይነት ብቻ ስለሆነ፣ አሮጌ ማዘርቦርድ ያለው ሰው ቦርዱንም ራሙንም መለወጥ ነበረበት። የኢንቴል ኮር አልትራ 200ኤስም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲወጣ በአዲስ ሶኬት ስለመጣ፣ ለቀዳሚው የኢንቴል 14ኛ ትውልድ በተሠራ ቦርድ ላይ አይገባም። እንደ 7700ኤክስ እና 9700ኤክስ ያሉት ደግሞ ካርቶናቸው ውስጥ ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ ጅማ ላይ የሚገጥም ማቀዝቀዣ ካልተገኘ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ካለችው አዲስ አበባ ማስመጣት ነው። የዋጋ ወሬ ስለ እነዚህ ወጪዎች ትንፍሽ አይልም።

እኔም ቦርዱን፣ ራሙንና ማቀዝቀዣውን ደምሬ ሳየው፣ ስጠብቀው የከረምኩትን 9700ኤክስ ተውኩት። የነበረኝ ቦርድ ከኤኤም5 በፊት የነበረው የኤኤም4 ሶኬት ስለነበረው፣ ባዮሱን (ቦርዱን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) አድሼ ለዚያው ሶኬት የተሠራውን ራይዘን 5 5600 ገጠምኩበት፤ ራሙ የድሮው ነው፣ ማቀዝቀዣውም ከካርቶኑ ውስጥ ወጣ።