ኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ወይ ፒክአፕ ልትገዙ ነው? ቆይ፣ መጀመሪያ ቆጣሪያችሁን እዩ

ሰሞኑን በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው እየደወለ «ኤሌክትሪክ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ መልሼ «መኪናው የት ነው የሚያድረው?» ስለው ዝም። አብዛኛው ሰው እዚ ጥያቄ ላይ ሳይደርስ ቀብድ ከፍሏል። መንግሥት በ2016 የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ አዲስ መኪና የፈለገ ሁሉ ያው ወደ ኤሌክትሪኩ ነው የሚሄደው፣ መጥፎ ነው እያልኩም አይደለም፣ እኔ ራሴ የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ይዤ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሻለሁ፣ ወደ ማደያ ሰልፍ ከአሁን በኋላ በፍፁም አልመለስም። ግን እኔ የሠራኋቸው ስህተቶች አሉ፣ ጎረቤትና ዘመድ ሲሠራቸው ያየኋቸውም አሉ፣ በየተራ ልንገራችሁ።

«መኪናው ይምጣ፣ ሶኬቱ ሌላ ቀን»

ይሄ የራሴ ነው። የምኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መኪናው ምድር ነው የሚያድረው። ስገዛ ሻጩ አብሮ የሚመጣውን ቦርሳ ውስጥ ያለ ቻርጀር አሳይቶኝ «የትም ሶኬት ላይ ይሰካል» አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ይሰካል። የመጀመሪያውን ወር ከጥበቃ ቤቷ በኤክስቴንሽን ስቤ ስሞላ ቆየሁ፣ አንድ ሌሊት ጋሼ ጥበቃው ደወሉና «ልጄ እስቲ ውረድ፣ የሆነ ነገር ይሸተኛል» አሉኝ። ስወርድ ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ ቀልጦ ፕለጉን ነክሶታል፣ ያቃጥላል፣ ለማላቀቅ ፒንሳ ነው የተጠቀምነው። ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ሲከፍተው ለካ ግድግዳው ውስጥ ያለው ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ነው። አንድ ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ ለኩሳችሁ እንደመተኛት አስቡት።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ቤት ሶኬት ላይ በ10 አምፔር ሲሞላ 2.2 ኪሎዋት ገደማ ነው የሚስበው፣ የኔ ባትሪ 60 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በ16 አምፔር ወደ 17 ሰዓት ይወርዳል፣ ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የ32 አምፔር ቻርጀር ደግሞ 7 ኪሎዋት ስለሚሰጥ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ማታ ሰክታችሁ ጠዋት ሙሉ ነው። ግን አትደንግጡ፣ በየቀኑ ከባዶ የሚሞላ ሰው የለም፣ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በዘገምተኛውም ሦስት አራት ሰዓት ይበቃዋል። ዋናው ፍጥነቱ ሳይሆን ገመዱ ነው። እኔ በመጨረሻ ለ32 አምፔሩ 6 ሚሊ ገመድ ከነራሱ ብሬከር አስዘረጋሁ። ኧርዝ የሚባለውንም (ወደ መሬት የሚወርደውን የደህንነት ገመድ) እንዳትረሱ፣ ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ከኋላው ምንም የለም፣ ቻርጀሩ ይሄን ሲያይ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል፣ ሰውየው ደግሞ «ቻርጀሩ ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ሊገዛ ይሄዳል።

ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ከገመዱም በፊት ኮሚቴውን አናግሩ። የጋራ ቆጣሪ ላይ ሰክታችሁ ወር ሳይሞላ ጠብ ነው፣ እኛ ጋ በራሳችን ወጪ ንዑስ ቆጣሪ አስገብተን ነው ሰላም የወረደው። የመብራት ታሪፉም በፍጆታ ደረጃ እየጨመረ የሚሄድ ነው፣ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የመጨረሻው እርከን ነው፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት እየጨመረ እንዲሄድ የተወሰነ ነገር አለ። በወር 1,200 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 200 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይጨምራል፣ ምጣድና ቦይለር ያለበት ቤት ላይ ሲደመር የቱ እርከን እንደሚያደርሳችሁ የባለፈውን ወር ቢል አውጥታችሁ እዩ። ከነዳጅ ጋ ሲወዳደር አሁንም ርካሽ ነው፣ ግን «ነፃ ነው» የሚለው የደላላ ወሬ ነው።

ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን

ሻጩ መኪናውን አስነስቶ ስክሪኑን ያሳያችኋል፣ 100 በመቶ፣ 510 ኪሎ ሜትር። ያ ቁጥር የቻይና መለኪያ ነው፣ ሲኤልቲሲ የሚሉት፣ ቀስ ብሎ በሚነዳ ከተማ ላይ የተመሠረተና ለጋስ የሆነ መለኪያ። ይሄው መኪና አውሮፓ ሲሸጥ ስሙ አቶ 3 ነው (ምን አቶ ሦስት፣ ጋሽ ሦስት ቢሉት ይሻል ነበር) እና እዛ በነሱ መለኪያ 420 ነው የተጻፈበት። ያው 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ። ደግሞ ቢዋይዲዎቹ ሴቲንግ ውስጥ ቀሪውን ርቀት «ስታንዳርድ» ወይ «ዳይናሚክ» የሚል ምርጫ አላቸው፣ ስታንዳርድ ላይ ከሆነ እንዴትም ብትነዱ ያንኑ የፋብሪካ ቁጥር ነው የሚያሳየው። ስትሞክሩ ዳይናሚክ ላይ አድርጉት ወይም ርቀቱን ትታችሁ ፐርሰንቱን ብቻ ተከታተሉ።

ከተማ ውስጥ ችግር የለም፣ እንዲያውም የሜክሲኮና የለገሃር ጭንቅንቅ ለኤሌክትሪክ መኪና ተስማሚ ነው፣ ቆሞ ነዳጅ አያቃጥልም። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ሆነን ቤንዚን ሞተር አየር ሲያንሰው ይደክማል፣ ኤሌክትሪኩ ግድ የለውም፣ ቸርችልን ከታች እስከ ፒያሳ አራት ሰው ጭኖ ሲወጣ ድምፁ እንኳ አይቀየርም። ብርዱም ሙቀቱም ልከኛ ስለሆነ ለባትሪ አዲስ አበባ የታደለች ከተማ ናት።

ሀገር ስትወጡ ነው ነገሩ የሚቀየረው። አዳማ ከኛ በ600 ሜትር ከዛም በላይ ዝቅ ትላለች። ባለፈው ዓመት ሙሉ ቤተሰብ ይዤ በፍጥነት መንገዱ ስወርድ 28 በመቶ ነበር የበላኝ፣ ስመለስ በዚያው ፍጥነት 41። ተበላሽቶ አይደለም፣ ሁለት ቶን ነገር ያን ያህል ከፍታ ለመውጣት ብቻ ወደ አራት ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፣ ሲወርድ የሚመልሰው ደግሞ ሁሉንም አይደለም። ስለዚ «ሄጄ 28 ስለፈጀ ስመለስም 28» ብላችሁ 35 በመቶ ይዛችሁ ከአዳማ እንዳትነሱ።

ስለ ሶኬቱ ቅርፅ አለመጠየቅ

ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ የሚባል መሰኪያ ነው ያለው፣ ለዘገምተኛው ሰባት ቀዳዳ፣ ለፈጣኑ ዘጠኝ። ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ ነው። የሚያሳስተው የዘገምተኛው ሲሆን በዓይን ሲታይ ሁለቱ መንታ ናቸው፣ ሁለቱም ሰባት፣ ክቡ ያው፣ ግን ወንድና ሴቱ ተገልብጦ ነው የተሠራው፣ አይገባም። ከዱባይ በኩል የመጣ መኪና የገዛ አንድ ጓደኛዬ ይሄን ያወቀው ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ቆሞ ሰው እያየው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አዲስ አበባ ላይ ከከፈተው ፈጣን ጣቢያ ወዲህ ከቤት ውጪ መሙላት ቀሎልናል፣ በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት መኪናውን እዛው ይዛችሁ ሂዱና ሰክታችሁ እዩት፣ ሻጩ እምቢ ካለ ምክንያት አለው።

ስክሪኑም ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ሬዲዮና ካርታው ይቅር፣ ማስጠንቀቂያው ግን? ጎረቤቴ ለሁለት ሳምንት አንድ ቢጫ ጽሑፍ «ኤክስ» እያለ ሲያጠፋ ከርሞ በስልክ ካሜራ ሲያስተረጉመው የጎማ አየር ነው የሚለው። ዕድለኛ ነው፣ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሊሆን ይችል ነበር። ዋስትናም እንዲሁ፣ የቻይናው ደንብ ለባትሪና ለሞተር ቢያንስ 8 ዓመት ወይም 120,000 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ያ ግን መኪናው እዛው ሲኖር ነው፣ በግል አስመጪ በኩል ከገባ ያን ወረቀት የሚያከብርላችሁ እዚ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ፒክአፕ፦ የአሜሪካ ቪዲዮ አይቶ የተክለሃይማኖት ሥራ ማሰብ

የአክስቴ ልጅ ተክለሃይማኖት የህንፃ መሳሪያ ይሸጣል፣ አሮጌ ናፍታ ደብል ጋቢና ነው ያለው፣ እሱን ሸጦ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ሊገዛ ሌት ተቀን ስለ ፎርድ ኤፍ 150 ላይትኒንግና ስለ ቴስላ ሳይበርትራክ ቪዲዮ ያያል። ወንድሜ እነዛ ለሌላ አገር የተሠሩ ናቸው፣ ሶኬታቸው እንኳ የኛ አይደለም። ከነሱ የሚጠቅም ትምህርት ግን አለ። ላይትኒንጉ ትልቁ ባትሪው 131 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ የኔን ሁለት እጥፍ ይበልጣል፣ ባዶውን 515 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተሰጥቶታል፣ ከኋላው ከባድ ተጎታች ሲያስሩበት ግን ግማሹ ይቀራል። የኤሌክትሪክ ፒክአፕ አቅም ችግሩ ጉልበት አይደለም፣ ጉልበቱስ ሞልቶታል፣ ርቀቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ራሱ ጭነት ነው። ስንት መጫን እንደምትችሉ ሻጩን ሳይሆን ወረቀቱን ጠይቁ፦ ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ ባዶ ክብደቱን ቀንሱ። እንበል 2,900 ሲቀነስ 2,250፣ 650 ኪሎ ቀረ። ሾፌርና አንድ ወዛደር 150፣ የቀረው 500። አሥር ከረጢት ሲሚንቶ፣ በቃ። የአክስቴ ልጅ አሮጌው መኪና ላይ ሃያ ሲጭን ነው የኖረው (ያም ልክ አልነበረም፣ ባሌስትራውን ጠይቁት)። ከኋላ ሥሩ ገብታችሁም እዩ፣ ባሌስትራ ነው ወይስ እንደ ቤት መኪና ሞላ? ሞላ ያለው ፒክአፕ ሲነዳ ይመቻል፣ ለቤተሰብና ለሳይት ጉብኝት ጥሩ ነው፣ በየቀኑ ሴራሚክ ለሚያመላልስ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ደግሞ ስሙ አያታላችሁ። ቢዋይዲ ሻርክን «ኤሌክትሪክ ፒክአፕ» እያሉ የሚያወሩ ደላሎች አሉ፣ እሱ ውስጡ 1.5 ሊትር ቤንዚን ሞተር ያለው ሃይብሪድ ነው፣ ባትሪው 30 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። መጥፎ መኪና አይደለም፣ ግን ቤንዚን የሚጠጣ ነገር ምን ዓይነት ሊብሬና ምን ዓይነት ቀረጥ እንደሚወጣለት ሳታጣሩ ብር እንዳትልኩ።

ያገለገለ ሲገዙ ኪሎ ሜትር ብቻ ማየት

ለሞተር መኪና የለመድነው ነው፣ 20 ሺህ ብቻ የሄደ ሲባል ደስ ይለናል። ባትሪ ግን ቆሞም ያረጃል፣ በተለይ ሙሉ ሆኖ ወይም ባዶ ሆኖ ወራት ከቆመ። በኦቢዲ ማሽን (መኪናው ላይ የሚሰካ መመርመሪያ) የባትሪውን ጤንነትና የሴሎቹን ልዩነት የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ማሽን ከሌለ ደግሞ 100 አስሞልታችሁ እስከ 50 ንዱት፣ ስንት ሄደ? ይሄ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ሻጩም ይነጫነጫል፣ ይነጫነጭ።

እግረ መንገዴን፦ ስትሞሉ «80 በመቶ ላይ አቁም» የሚለው ምክር ለሁሉም ባትሪ አይሠራም። ኤልኤፍፒ የሚባለውን፣ የቢዋይዲው ብሌድ የዚህ ዓይነት ነው፣ በሳምንት አንዴ 100 ማድረስ ይመከራል፣ ካልሆነ ፐርሰንቱ መዋሸት ይጀምራል። ኒኬል ያለበት ሌላው ዓይነት ነው ለየቀኑ 80 የሚበቃው።

ሆዱንና ጎማውን አለማየት

ባትሪው ወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው። የፎልክስዋገን አይዲ 6 ዓይነት ረጅም መኪና ሰባት ሰው ጭኖ የሰፈር ጉብታ ሲሻገር ሆዱ ነው የሚነካው፣ ስለዚ ስትሞክሩት ብቻችሁን ሳይሆን ቤተሰቡን ጭናችሁ ቤታችሁ ያለውን ጉብታ ተሻገሩበት። ያገለገለ ከሆነ ጋራዥ አሰቅላችሁ የባትሪውን ሽፋን ጭረት እዩ። ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፣ ትንሽ ኮምፕሬሰርና ማጣበቂያ ብቻ ነው ያለው፣ ጎማው ደግሞ ትልቅ ሪም ስለሆነ ሰፈር ጎሚስታ ጋ ልኩ አይገኝም። መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማም ቶሎ ይበላል።

በገመድ መጎተት

ባለፈው ክረምት ቸርችል ጎዳና፣ ፖስታ ቤቱ አካባቢ አንድ የማውቀው ሰው መኪናውን አቁሞ ባንክ ገብቶ ሲመለስ በሩ እንኳ አልከፍት አለው። ሦስት ልጆች ገመድ ይዘው መጡ፣ በጥሩ ልብ፣ በቁልፏ ምላስ በሩን ከፍተው መንጠቆውን ሲፈልጉ ነው እኔ የደረስኩት። ኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ ያለበት ጎማ መሬት ላይ እየተሽከረከረ መጎተት የለበትም፣ ጎማው ሞተሩን ሲያሽከረክር ሞተሩ መልሶ ኃይል ያመነጫልና ኤሌክትሮኒክሱን ያቃጥላል፣ በሎቤድ ተጭኖ ነው የሚሄደው። የሎቤዱን ዋጋ ስንደራደር ቆይተን ድንገት «ዳሽ ካሜራ አለው እንዴ?» አልኩት፣ አለው፣ ሌት ተቀን የሚሠራ። ትልቁ ባትሪ 70 በመቶ ነበር፣ የሞተችው እንደ ማንኛውም መኪና ኮፈኖ ሥር ያለችው ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት፣ ካሜራው ነው የጨረሳት። ከአንድ ላዳ ኬብል አገናኘን፣ ስክሪኑ በራ፣ የላዳው ሾፌር ሳቀብን።