መጦሪያ ቤት ሥራ ለጀመራችሁ፦ ስለዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት

አዲስ መጥታችሁ በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ የጀመራችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «የ86 ዓመት እናት አጥንታቸው ከሳሳ በኋላ ወተት ጠጡልኝ እያሉ መለማመጥ ምን ይፈይዳል?» በስልክ መመለስ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት።

ይፈይዳል። በአውስትራሊያ 60 መጦሪያዎች ውስጥ ከ7,000 በላይ አረጋውያን ለ2 ዓመት ተጠንተው ውጤቱ በ2021 ታትሟል። አማካይ ዕድሜያቸው 86 ነበር። ግማሾቹ ቤቶች ወተት፣ እርጎና አይብ ጨምረው በቀን 700 ሚሊግራም ገደማ የነበረውን ካልሲየም ወደ 1,142 አደረሱት፤ ፕሮቲኑም አብሮ ጨመረ። በእነዚህ ቤቶች የአጥንት ስብራት በ33 በመቶ፣ የዳሌ ስብራት ደግሞ በ46 በመቶ ቀነሰ። ዳሌ የተሰበረ አረጋዊ አንሥቶ ያጠበ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አሁን እኔ የወደቅኩበትን ጉድጓድ ስሙኝ። የምንከባከባቸው አንዲት እናት በየማለዳው የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ክኒን ይወስዱ ነበር። ነርሷ ክኒኑን ስትሰጣቸው እኔ፣ ባዶ ሆዳቸውን ነው ብዬ አዝኜ፣ ወተት አቀብላቸው ነበር። ለሳምንታት። እርሳቸው እየደከሙ ሄዱ፤ ቀን ሙሉ ወንበራቸው ላይ ያንቀላፋሉ፤ ሆዳቸው ደረቀ። ሐኪሙ የክኒኑን መጠን ጨመረ። ስለ ወተቱ የጠየቀ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ተተኪ ነርስ ብርጭቆውን እጄ ላይ አይታ ጮኸችብኝ። ካልሲየም ያንን መድኃኒት አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። የካልሲየም ክኒን ከሆነማ በመካከላቸው 4 ሰዓት መኖር አለበት። ከዚያ በኋላ ረጅም ቅጽ አስሞሉኝ። ሥራ ስጀምር ግን የእሳት ማጥፊያው የት እንደተሰቀለ ሲያሳዩኝ ስለዚህ አንድ ቃል አልነገሩኝም። ቅጹ ለእነርሱ ነው፤ ድካሙ የእኚያ እናት ነበር። ስለዚህ ሳይነገራችሁ ጠይቁ፦ «ይህ መድኃኒት ከወተት ጋር ይሄዳል?» ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አለንድሮኔት እንኳ በንጹህ ውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ከዚያም ሳይተኙና ምንም ሳይቀምሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል።

መዋጥ የሚቸግራቸውን አረጋውያን የእንክብካቤ ዕቅድ ሳታነቡ ወተት አታቅርቡ። ፈሳሽ እንዲወፍርላቸው የታዘዘላቸው ሰዎች ቀጭን ወተት ሳንባቸው ሊገባ ይችላል። ኩላሊታቸው የታመመም ወተት ሊከለከሉ ይችላሉ።

ሌላው የሚያናድደኝ መዝገቡ ነው። ትሪው ሲመለስ ብርጭቆው ሙሉ እያለ «ወተት ተሰጥቷል» ብሎ መፈረም ውሸት ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ያንን አንብባ እኚህ ሰው ይበቃቸዋል ትላለች። 250 ሚሊ ሊትር ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ግማሹ ከተረፈ ግማሹ እንደተረፈ ጻፉ።

በእኔ አስተያየት ምግቡ ሳይሞከር ወደ ካልሲየም ክኒን መሮጥ ስንፍና ነው። ክኒኑ ብዙዎችን ሆድ ያደርቃል፤ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ ቢሰጥም ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ሁለት ማንኪያ ብቻ ለሚበሉ አረጋውያን የወተት ዱቄት ሾርባቸው ውስጥ ይግባ። እኚያ እናት ቀዝቃዛ ወተት እንደማይወዱ ያወቅኩት ከጠየቅኳቸው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እኩለ ቀን ላይ፣ ከክኒናቸው ርቆ፣ ሞቅ አድርጌ በትንሽ ስኒ ሳቀርብላቸው ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ታች ይጨርሱታል።