ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ ደብረ ብርሃን እንዴት ይኬዳል?

ከውጭ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ እንግዳ የሚያርፈው ቦሌ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ሰውን አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መናኸሪያው ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚደርሱ ከሆነ አዲስ አበባ ይደሩ፤ ሌሊት ለመጓዝ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ለሚቀበልዎ ዘመድ ሰዓት ሲነግሩም ትኬቱ ላይ 07:00 ያለው በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት መሆኑን አይርሱ።

ሻንጣዎን ተረክበው ሲጨርሱ ሲም ካርድ ይግዙ፤ ጥቂት ገንዘብም ይመንዝሩ፤ የመኪና ረዳት ዶላር አይመነዝርም። ከዚያ ደብረ ብርሃን ደውለው መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቁ። በር ላይ ከሚጠብቁት ታክሲዎች ጋር ከመከራከር ራይድ ወይም ፈረስ የተባሉትን የጥሪ ታክሲዎች በስልክ መጥራት ይሻላል። መድረሻዎን «ላምበረት መናኸሪያ» ብለው ይንገሩ፤ በደፈናው «አውቶቡስ ተራ» ካሉ መርካቶ ሊያደርሱዎት ይችላሉ።

ላምበረት ሲደርሱ ገና ከታክሲው ሳይወርዱ አንዱ ጎረምሳ ሻንጣዎን ይዞ «ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። ሻንጣዎን አይልቀቁ። መጀመሪያ መኪናው ውስጥ አንገትዎን አስገብተው ይመልከቱ። «አንድ ሰው ብቻ» የቀረው መኪና ግማሹ ወንበር ባዶ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡም አይጠፉም። እውነተኛው ተሳፋሪ በዕቃው ያስታውቃል፦ እግሩ ሥር ፌስታል፣ ጭኑ ላይ ሕፃን ወይም የታጠፈ ጋቢ አለ። ባዶ እጁን መስኮት ተደግፎ ማስቲካ የሚያላምጠው የትም አይሄድም።

ቀጥሎ የሻንጣው ጉዳይ ይመጣል። ታሪፍ የሚሠራው ለሰው ነው፤ የዕቃ ዋጋ በአፍ ስምምነት ነው። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከታሰረ በኋላ መደራደር ስለማይቻል አስቀድመው ከረዳቱ ጋር ይጨርሱ፤ የጫኙ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መሆኑንም ይጠይቁ። ፓስፖርትና ወፍራም ልብስ እጅዎ ላይ ይቅሩ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሹራቡን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ ጣሪያ ላይ ያስጫነ ሰው እየተንቀጠቀጠ ሲወርድ በየጊዜው እናያለን። ሚኒባስ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ። እኔ ብዙ ሻንጣ ላለው ሰው ሆደ ሰፊውን አውቶቡስ እመርጣለሁ።

ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን ያልፋሉ። ቅቤዋ ስመ ጥር ነው ብለው ሸኖ ላይ መኪና ለማስቆም አይሞክሩ፤ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ደብረ ብርሃን ገበያም ቅቤ ሞልቷል። ጫጫ ሲደርሱ ለሚቀበልዎ ይደውሉ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ አይቀርም። የሚቀበልዎ ከሌለ ባጃጅ ይያዙ፤ የሠፈሩን ስም ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም ሆቴል ጨምረው ይንገሩት፤ ዋጋውንም ከመሳፈርዎ በፊት ይጠይቁ።